ስኮት ያልጣላቸው ድንጋዮች

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1912 የፍለጋው ቡድን በአንታርክቲካ በረዶ የተቀበረውን ድንኳን ከፍቶ ሲገባ፣ እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሮበርት ስኮትና ሁለት ጓደኞቹ ከሞቱ ወራት አልፈው ነበር። ስንቅ ወደተከማቸበት ጣቢያ የቀራቸው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሲጎትቱት በነበረው የበረዶ ጋሪ ላይ ግን 16 ኪሎ ያህል ድንጋይ ተጭኖ ተገኘ።

በርሃብና በብርድ ላለቀ ሰው ድንጋይ ምን ያደርግለታል?

ነገሩ የተጀመረው ፌብሩዋሪ 8 ቀን ነው። ደቡብ ዋልታ ደርሰው፣ ኖርዌያዊው አሙንድሰን እንደቀደማቸው አይተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ በቢርድሞር የበረዶ ግግር ዳር ካለ ገደል ሥር አረፉ። ሐኪሙና የተፈጥሮ ተመራማሪው ኤድዋርድ ዊልሰን በአሸዋ ድንጋዩ ንብርብር መካከል የድንጋይ ከሰል አየ፤ ከዚያም ጅማቱ ሳይቀር የሚታይ የቅጠል አሻራ። በዘጠነኛው ቀን ኤድጋር ኤቫንስ ሞተ። በማርች ኦትስ ተከተለው። ድንጋዩ ግን አልተጣለም።

ለንደን ሲደርስ የመረመረው የካምብሪጁ አልበርት ሲዋርድ ነው። ሲዋርድ ቅሪተ ዕፅዋት ስለ ጥንት አየር ንብረት ምን ያህል ሊመሰክሩ እንደሚችሉ ገና በ1892 መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነበር። በ1914 ባወጣው ዘገባ ቅጠሉ ግሎሶፕቴሪስ መሆኑን አስታወቀ፤ በህንድ፣ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ የሚታወቅ፣ ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጠፋ ዛፍ።

ዛሬ ሣር እንኳ ብርቅ በሆነበት ምድር ደን ነበረ ማለት ነው። ከሰሉም ምስክር ነው፤ ዕፅዋት ረግረግ ውስጥ ለረጅም ዘመን ካልተከማቹ ከሰል የለምና። በህንድና በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከዚሁ ቅጠል ንብርብር በታች የበረዶ ግግር ፈጭቶ የጣለው ኮረትና ጭቃ አለ። የታችኛው የቀደመ ነውና፣ መጀመሪያ በረዶ፣ ኋላ ደን! (በነገራችን ላይ በኛም አገር፣ በትግራይ እዳጋ ዓርቢ አካባቢ፣ የ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የበረዶ ግግር ትቶት የሄደ ዐለት ይገኛል።)

አንድ ዛፍ ውቅያኖስ ተሻግሮ እንዴት በየአህጉሩ በቀለ? ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር አህጉራት አንድ ነበሩ፣ ኋላ ተለያዩ ብሎ ፍራንክፈርት ላይ የተናገረው ጃንዋሪ 6 ቀን 1912 ነው፤ ስኮት ዋልታ ሊደርስ 11 ቀን ሲቀረው። ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ሐሳቡ የረታው በ1960ዎቹ ነው። ግሎሶፕቴሪስ ግን ከቀደምት ምስክሮቹ አንዱ ነበር።

ድንጋዩ ነው የገደላቸው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ከጣሳው የባከነው ነዳጅ፣ ያልተለመደው የማርች ብርድና ያለቀው ስንቅ ይበቃሉ። ዊልሰን የተሸከመውን ያውቅ ነበር።