ውሃና ሕመም በመጋላ፤ ከደቻቱ ማዶ ስላለው የድሬዳዋ ክፍል የጤና ታሪክ

የአንድን ከተማ የጤና ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሐኪም ቤቱ ነው። ሐኪም ቤቱ መቼ ተሠራ፥ አልጋው ስንት ነው፥ ሐኪሞቹስ ከወዴት መጡ ብሎ ይጠይቃል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የድሬዳዋን የመጋላን ክፍል ስንመረምር መነሻ ያደረግነው ውሃን ነው። ምክንያቱም በቅርብ ዘመን የመጋላን ሕዝብ ከጎዱት መከራዎች ዋና ዋናዎቹ ወይ ውሃ ሲበዛ፥ ወይ ውሃ ሲያጥር የመጡ በመሆናቸው ነው። ከዚህም ጋር አንድ ነገር ለማስረዳት እንሞክራለን። በመጋላ ለታመመና ላዘነ ሰው የሚደርሰው ርዳታ የቆየና የጸና ነው፤ ሕመሙ እንዳይመጣ አስቀድሞ የሚከለክለው ርዳታ ግን ዘግይቶ የመጣና የሳሳ ነው።

፩. የሰፈሩ አመሠራረት

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፥ ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፥ አቀበቱ ሥራውንና ወጪውን እጅግ ስላከበደው ጣቢያው በቆላው ሜዳ ላይ ተተከለ፤ ቦታውም አዲስ ሐረር ተባለ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ስለቆመና ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፥ ድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። ዕቃ ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው፥ ቡናና ቆዳም ከደጋ ወርዶ ወደ ባሕር የሚሄደው ከዚህ ነበር።

ከተማዪቱ ከመጀመሪያው አንሥቶ በደቻቱ ወንዝ በሁለት ተከፈለች። ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያለው ከዚራ በባቡሩ ኩባንያ ዕቅድ ተለክቶ፥ መንገዱ ቀጥ ብሎ፥ ዛፍ ተተክሎበት የተሠራ ነው። በስተ ምሥራቅ ያለውን መጋላን ግን የሠራው ንግድ ነው። ስሙም ይህንኑ ይናገራል፤ መጋላ በሐረሪ ቋንቋ ገበያ ማለት ሲሆን፥ በሐረር ጀጎል ውስጥ የሚገኘው ፈረስ መጋላም ከዚሁ ቃል የተሰየመ ነው። በኦሮምኛና በሶማልኛ ደግሞ ቃሉ ከተማን ያመለክታል። ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ ሐረሪው፥ ዐረቡ፥ አማራውና ጉራጌው ሁሉ በቀፊራ ገበያ ዙሪያ እየተጠጋ ቤቱን ሠራ።

ይህ ልዩነት ለዐይን ብቻ የሚታይ አልነበረም። በፕላን የተሠራ ሰፈር ቧንቧና የቆሻሻ መውረጃ በሚመጣበት ቀን መንገዱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ቤት በቤት ላይ በተጠጋበት ሰፈር ግን ቧንቧውን ለማስገባት አጥር ማፍረስ፥ የመጸዳጃ ጉድጓድ ለመምጠጥም መኪና የማያስገባ ጠባብ መተላለፊያ መጋፈጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የነበረው የአሠራር ልዩነት ውሎ አድሮ የጤና ልዩነት ለመሆን በቃ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ከዚህ ላይ የአገሩን ጠባይ መጨመር ይገባል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ናት፤ ዝናቧም አነስተኛ ነው። የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው። ስለ ከርሰ ምድር ውሃዋ የተደረጉ ጥናቶችም ከከተማው ሥር በሚወጣው ውሃ ውስጥ ናይትሬት የተባለው ጨው ከፍ ብሎ መገኘቱን፥ ለዚህም ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የመጸዳጃ ጉድጓድ መሆኑን ያመለክታሉ። ከላይ የሚቆፈረውና ከሥር የሚቀዳው ተገናኝተዋል ማለት ነው።

፪. ውሃ ሲበዛ

ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ውሃ የሌለበት የአሸዋ ሜዳ ነው። ሰው ይሻገርበታል፥ ነጋዴ ሸቀጡን ይዘረጋበታል፥ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉ የሚነሣው ግን ከደቡብ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ስለሆነ፥ በከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። የተራሮቹ ደን እየተመነጠረ በሄደ መጠን ውሃውን የሚያዘገየው ነገር ጠፋ፤ በሌላ በኩል የወንዙ ዳር በሰው ተሞላ።

ከተማዪቱ ከጎርፍ ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጥማለች። ሁሉን የሚያስረሳው ግን ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ የደረሰው ነው። ሰው በተኛበት ሰዓት የመጣው ይህ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብም ከቤቱ አፈናቀለ። ከወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ለማለት አንደፍርም። ለገበያው ቅርብ የሆነና ለዐቅሙ የሚስማማ ሌላ ቦታ ባለማግኘቱ እንደተጠጋ መገመቱ ይሻላል።

ከጎርፉ በኋላ ርዳታው ፈጥኖ ደረሰ። መጠለያ፥ ምግብና መድኃኒት ከመንግሥትም ከበጎ አድራጊዎችም መጣ፤ ውሎ አድሮም በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ቅደም ተከተሉን ነው። ግንቡ የተሠራው ከቀብሩ በኋላ ነበር።

፫. ውሃ ሲያጥር

የጎርፍ ጉዳት በአንድ ሌሊት ይታያል፤ የጥማት ጉዳት ግን በየቤቱ ተሸሽጎ ይኖራል። በድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ለረጅም ዘመን በፈረቃ ሲመጣ የኖረ በመሆኑ፥ የመጋላ እመቤት ውሃው በመጣበት ቀን ያላትን ዕቃ ሁሉ ትሞላለች። በርሜሉ፥ ጀሪካኑ፥ የሲሚንቶ ገንዳው፥ ሮቶ የሚባለው የላስቲክ ጋን ሁሉ የቤት ሀብት ነው። ያለ እነርሱ አንድ ሳምንት እንኳ መዋል አይቻልም።

በነዚሁ ዕቃዎች ውስጥ ግን ሌላ ፍጥረት ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ የዴንጊ ትኩሳት ተነሣ፤ በኢትዮጵያ በወረርሽኝ መልክ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ሲሆን፥ የታመሙትም ከ11 ሺህ በላይ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባለው መገጣጠሚያ የሚያስር በሽታ መጣ፤ ከ40 ሺህ በላይ ሰው አሳመመ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የከተማው ነዋሪ 233,224 እንደነበር ስናስታውስ፥ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ያደገ መሆኑ ሳይዘነጋ፥ የወረርሽኙ ስፋት ይገባናል። የሁለቱም በሽታ አስተላላፊ ኤዲስ የምትባለው ትንኝ ናት። የምትነክሰው በቀን ስለሆነ በአልጋ ላይ የሚዘረጋው አጎበር አይበቃትም፤ እንቁላሏንም የምትጥለው በተጠራቀመ ውሃ ዕቃ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው እንግዳ ከሁሉ ይከፋል። አገራችን የምታውቀው ወባ የዝናብ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋና በወይና ደጋ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ሰው ያህል ያሳመመውና 150 ሺህ ሰው እንደፈጀ የሚገመተው ወረርሽኝ፥ በዓመቱም የወባ ማጥፊያ ድርጅት እንዲቋቋም ምክንያት የሆነው፥ ከዝናብ በኋላ በኩሬ በምትራባው ትንኝ የመጣ ነበር። አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ ግን የሕንድና የዐረብ አገር ከተማ ለመድ ናት፤ ንጹሕ ውሃ በያዘ በርሜልና ገንዳ ትራባለች፥ ዝናብም አትጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 በጂቡቲ፥ በ2016 ደግሞ በአገራችን በቀብሪ ደሃር ተገኘች። ጂቡቲ በ2012 የመዘገበችው የወባ በሽተኛ 27 ብቻ ሲሆን፥ በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። በድሬዳዋም በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 205 በሽተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ 2,425 ሆነ። በሽተኞቹ በሚኖሩበት አካባቢ ከተያዙት የወባ ትንኞች እጅግ የሚበዙት የዚች የአዲሲቱ ዐይነት ሆነው ተገኙ።

፬. በርሜሉን ማን ይከድናል?

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር፥ ሕዝቡ በርሜሉን ይክደን፥ የቆየውን ውሃ ይድፋ የሚል ነው። ምክሩ በራሱ ትክክል ነው። ነገር ግን በቀን ብዙ ጊዜ የሚቀዳበት በርሜል ተከድኖ አይውልም፤ ነገ ውሃ መምጣቱን የማያውቅ ሰውም የያዘውን ውሃ አይደፋም። እንዲህ ያለው ሰው ያልተማረ ነው ብሎ ማለፍ የነገሩን ምክንያት መሳት ይመስለናል። ዕውቀቱ ቢኖረውም ምርጫው የለውም።

በዚህ ረገድ የቦምቤይ ታሪክ ይጠቅመናል። በዚያች ከተማ ይህችው ትንኝ በየግቢው የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ትራባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ቤንትሊ የተባለው ሐኪም ያቀረበው ጥናት ጉድጓዶቹን ከወባው ጋር ስላያያዘ፥ ማዘጋጃ ቤቱ እንዲከደኑ ወይም እንዲደፈኑ ማዘዝ ጀመረ። ውሃውን ለሃይማኖታቸው ሥርዐት የሚፈልጉ ሰዎች ተቃወሙ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። ልዩነቱ ቦምቤይ ከዚያ አስቀድሞ ከቪሃርና ከታንሳ ሐይቆች በቧንቧ ውሃ ማስመጣቷ ነው። ጉድጓድህን ድፈን የተባለው ሰው የሚቀዳበት ሌላ ነገር ነበረው። በመጋላ ግን ምክሩ ቧንቧውን ቀድሞት ደረሰ።

፭. የመጋላ ረዳቶች

ረዳት የለም ማለታችን አይደለም። ድል ጮራ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያዎቹ በሽተኛውን ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የጽዳት ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ሲጀምር ያስተማረው ሐሳብ፥ የጤና ሠራተኛው በሽተኛውን ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ይሂድ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽንም በዚህ መንገድ ነርሶችን ከቤት ወደ ቤት ላከ።

ከመንግሥት ሌላ የሕዝቡ የራሱ ድርጅት አለ። እርሱም በሐረሪዎችና በጎረቤቶቻቸው ዘንድ አፎቻ፥ በሌላው ዘንድ ዕድር የሚባለው ነው። ወንዶችም ሴቶችም የየራሳቸው አፎቻ አላቸው፤ አባሉ ለሠርግና ለሐዘን የመገኘት ግዴታ አለበት። አፎቻና ዕድር ማን እንደታመመ፥ ማን ጧሪ እንዳጣ፥ በየትኛው ግቢ ስንት ነፍስ እንዳለ ከማንኛውም መዝገብ ይልቅ ያውቃሉ። ሆኖም ይህ ሁሉ ዕውቀት የሚነቃው በአብዛኛው ሬሳ ሲወጣ ነው።

፮. ማጠቃለያ

ከላይ ያየነውን ስናጠቃልል፥ የመጋላ የጤና ችግር የመድኃኒት ማነስ ብቻ ሳይሆን የውሃ ሥርዐት ጉድለት መሆኑን እንረዳለን። ጎርፉም በርሜሉም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ እርሱም ንግድ በፍጥነት የሠራውን ሰፈር፥ ውሃውን የሚያስገባውና የሚያስወጣው ሥራ ሳይደርስበት መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንዲታሰብበት እናሳስባለን። አንደኛው፥ የጤና ቢሮ የበሽተኛውን ቁጥር በሚመዘግብበት መዝገብ ጎን በእያንዳንዱ ቀበሌ ቧንቧው በወር ስንት ቀን እንደፈሰሰ ይመዝገብ፤ ያን ጊዜ የቢሮው ተግባርና የውሃ አገልግሎቱ ተግባር በአንድ ገጽ ላይ ይነበባል። ሁለተኛው፥ ቧንቧው እስኪሟላ ድረስ እጭ የሚገድለው መድኃኒትና ለበርሜል የሚስማማው ክዳን በአፎቻና በዕድር በኩል ይታደል፤ ቤቱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። አፎቻ ለቀብር የሚጠራውን አባል ለበርሜልም መጥራት ቢጀምር፥ ለቀብር የሚጠራበት ቀን ይቀንስ ይሆናል።