በየመስኮቱ የሚጻፈው የትእዛዝ ታሪክ

ዩኒክስ የተሰኘው የኮምፒዩተር ሥርዓት በ1969 በአሜሪካው የቤል ላቦራቶሪ ውስጥ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ሲወለድ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዚያን ዘመን ባለሙያ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው በቴሌታይፕ አማካይነት ነበር። ሞዴል 33 በመባል የሚታወቀው ይህ መሣሪያ በሴኮንድ 10 ፊደል ብቻ እያንኳኳ፣ ሰውየው ያዘዘውንም ማሽኑ የመለሰውንም በጥቅል ወረቀት ላይ ያትም ነበር። ዘገምተኛና ጆሮ የሚያደነቁር ቢሆንም አንድ ጸጋ ነበረው፤ ይኸውም ወረቀቱ አለመርሳቱ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ምን እንዳዘዘ የጠፋበት ሰው ጥቅሉን ወደ ኋላ ተርትሮ ያነብ ነበር።

የመስተዋት ሰሌዳ ያላቸው ተርሚናሎች ወረቀቱን ሲተኩ ይህ ጸጋ አብሮ ጠፋ። በ1979 የወጣውና ለብዙ ዘመን መለኪያ ሆኖ የኖረው የስቲቨን ቦርን ሼል እንኳ የተሰጠውን ትእዛዝ የሚያስታውስበት መንገድ አልነበረውም። ቀደም ብሎ ግን በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቢል ጆይ ባዘጋጀው ሲ ሼል ውስጥ ትእዛዞች በተራ ቁጥር ይመዘገቡ ጀመር። ሁለት ቃለ አጋኖ የጻፈ ሰው የመጨረሻው ትእዛዝ ይደገምለታል፤ አንድ ቃለ አጋኖና ቁጥር የጻፈም የፈለገውን ያስነሣል። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ይህ ሁሉ የታሰበው አንድ ሰው በአንድ ተርሚናል ፊት ተቀምጦ ለሚያካሂደው አንድ ንግግር መሆኑ ነው። በ1982 በቤል ላቦራቶሪ ብሊት የተባለው ተርሚናል፣ በ1984ም በኤም አይ ቲ ኤክስ የተባለው የመስኮት ሥርዓት ሲመጡ አንድ ሰው ሦስትና አራት ሼል በአንድ ጊዜ ከፍቶ መሥራት ቻለ። እያንዳንዱ መስኮት ራሱን የቻለ ሼል ነው፤ ጎረቤቱ መኖሩንም አያውቅም። ታዲያ ታሪኩ የማን ነው? የሰውየው ወይስ የመስኮቱ?

ዴቪድ ኮርን በ1983 ይፋ ያደረገው ሼል መልሱን «የሰውየው» አለ። እያንዳንዱ ትእዛዝ እንደ ተሰጠ ወደ ፋይል ይጻፋል፤ በአንድ ፋይል የሚጠቀሙ ሼሎች ሁሉ ታሪኩን ይጋራሉ። ብራያን ፎክስ በ1989 ለግኑ ፕሮጀክት ያወጣው ባሽ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ሲከፈት የቀድሞውን መዝገብ ያነባል፣ አዲሱን በማስታወሻው ይይዛል፣ ወደ ፋይሉም የሚጽፈው ሲዘጋ ነው። መመሪያ መጽሐፉ እንደሚለውም ሂስት-አፔንድ የተባለው ምርጫ ካልተከፈተ በነበረው መዝገብ ላይ ይጽፍበታል። አብዛኞቻችን በሊኑክስ አማካይነት የወረስነው ይህንኑ ነው፤ የኮርን መንገድ እያለ ይህኛው መንሰራፋቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጉዳቱን ያወቅሁት በራሴ ላይ ሲደርስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋት ስናዛውር ሦስት መስኮት ከፍተን እንሠራ ነበር፤ በአንደኛው አገልግሎቱን እናቆማለን፣ በሁለተኛው መረጃውን እንጭናለን፣ በሦስተኛው እንፈትሻለን። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ጠፋ፤ ባትሪውም አልያዘም። ማሽኑ ሲነሣ የሦስቱም መስኮቶች ታሪክ ባዶ ነበር። የሠንጠረዦቹን ቁጥጥር ያነሣነው ከመጫኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሦስታችንም የየራሳችንን መልስ ሰጠን፤ አንዳችንም ማስረጃ አልነበረንም። የተረፈው በደብተሬ ዳር የጫርኳት አንዲት መሥመር ብቻ ነበረች። ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመርነው።

ብዙዎች እንደ መድኃኒት የሚያቀርቡት ባሽ እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው እንዲጽፍ ማድረግን ነው። ነገር ግን በተለመደው ዘዴ፣ ማለትም በፕሮምፕት-ኮማንድ በኩል ሲደረግ፣ ትእዛዙ የሚጻፈው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ በሥራ ላይ የነበረው፣ ማለትም ከሁሉ ይልቅ የምንፈልገው ትእዛዝ፣ አሁንም ይጠፋል። በ1990 በፖል ፋልስታድ የተጀመረው ዚ ሼል በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ትእዛዙን ገና እንደ ተሰጠ የሚጽፍ ምርጫ አለው።

ዚ ሼል ታሪክን በመስኮቶች መካከል የሚያጋራ ምርጫም አለው፤ ይህኛውን ግን አልወደውም። የላይኛውን ቀስት ተጭኖ የራሱን ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው ከሌላው መስኮት የመጣ የማጥፊያ ትእዛዝ ሊያገኝ ይችላል፤ እጁ ከዓይኑ ከቀደመ ጉዳቱን ማንም ይገምተዋል። ወዲያው መጻፍ ተገቢ ነው፤ የጎረቤትን ማንበብ ግን ሲፈለግ ብቻ ይሁን።

ሂስት-ታይም-ፎርማት የተባለውን የከፈተ የባሽ ተጠቃሚ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በላይ ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሴኮንድ የተቆጠረ ሰዓት በመዝገቡ ያገኛል። ሆኖም ፋይሉ ሰዓቱን እንጂ መስኮቱን አይናገርም። ስለዚህ እኔ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ የታሪክ ፋይል እከፍታለሁ፤ ሥራው ሲያልቅም ሦስቱን በሰዓታቸው ቅደም ተከተል አዋሕጄ ከሥራው ሪፖርት ጋር አያይዛለሁ።