ከሲራራ እስከ ተሳቢ፤ ከባድ ጭነት በዲላ መንገድ

የመጓጓዣ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ብዙውን ስፍራ የሚይዘው የመጎተት ኃይል ነው። ስንት ኩንታል እንደተጫነ፣ ሞተሩ የስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው፣ አቀበቱን በስንት ሰዓት እንደወጣ በዝርዝር ይነገራል። ያው ጭነት ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደ ግን እምብዛም አይወሳም። ይሁን እንጂ ደጋና ቆላ በሚፈራረቅበት በኢትዮጵያ ምድር የከባድ ጭነትን ዕድል ሲወስን የኖረው ከአቀበቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። አቀበት ያቃተው መኪና ይቆማል፤ ቁልቁለት ያቃተው ግን መቆሚያ የለውም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዲላ በኩል ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ ያሳለፈው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዲላ ወደ ቡሌ የሚያቀና መንገደኛ የቡናውን ምድር ከኋላው ትቶ ወደ እንሰትና ወደ ገብስ ደጋ ይወጣል። ወደ ደቡብ የሚሄደው ደግሞ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ፣ በዛሬው ስሙ ቡሌ ሆራ በሚባለው በሐገረ ማርያም በኩል ወደ ያቤሎ ቆላ ይወርዳል። እንግዲህ የጌዴኦ ቡና ገበያ ለመድረስ ከጓሮው በወጣ ጊዜ ሁሉ መውጣትና መውረድ ግድ ይሆንበታል።

ሞተር ከመምጣቱ አስቀድሞ ይህ ሥራ የሲራራ ነጋዴ ነበር። አንድ ጠንካራ የጭነት በቅሎ ወደ አንድ ኩንታል የሚጠጋ ጭነት ይችላል፤ አህያ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ጉዞው እጅግ አዝጋሚ፣ ለዝናብና ለበሽታም የተጋለጠ ነበር። ነገር ግን ሲራራ አንድ ታላቅ ጥቅም ነበረው። እያንዳንዱ አጋሰስ የሚሸከመው የራሱን ጭነት ብቻ ሲሆን፣ በቁልቁለትም ራሱን የሚገታው በራሱ እግር ነው። አንዱ ቢወድቅ ሌላውን ጎትቶ ገደል አይከትም። በሌላ አነጋገር፣ የሲራራ ፍሬን ለሁሉም እግር ተከፋፍሎ የተሰጠ ነበር።

ሸክሙ የማይከፋፈል በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በዚህ ረገድ የታወቀው ምሳሌ አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በአውሮፓ ባለ እጆች ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የነበረው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል። መንገድ ተጠርጎለት፣ በመንኮራኩር ላይ ተጭኖ፣ ብዙ መቶ ሰዎች በጠፍር ጎትተውታል። ወንዝ ተሻግሮ ለሚሄድ እንዲህ ያለ ሸክም ደግሞ ከፊት የሚጎትተው ሰው ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ሸለቆው ሲወርድ ከኋላ ይዞ የሚያስቀረው ኃይል ያስፈልገዋል። ዛሬ የተሳቢ ፍሬን የምንለው ሐሳብ መነሻው ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ሞተር ለደቡብ ኢትዮጵያ በብዛት የመጣው ከጦርነት ጋር ነበር። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶርያ ግንባር የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው የመሩት ሠራዊት ስንቁን በአጋሰስ ሲያመላልስ፣ የኢጣሊያው ጄኔራል ግራዚያኒ ከአሜሪካ የተገዙ የጭነት መኪናዎችና የካተርፒላር ትራክተሮች አሰልፎ ነበር። ወራሪው በቀናት ውስጥ ነገሌ ገባ። በ1933 ዓ.ም. ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን የገሠገሠው የእንግሊዝ የሞተር ጦር ከያቤሎ በላይ ባለው መንገድ በበልግ ዝናብና ጭቃ ተይዞ ተንገላቷል። ሁለቱ ዘመቻዎች ሲነጻጸሩ፣ ሞተር ያለ መንገድ ምሉዕ ኃይል እንዳልሆነ በግልጽ ያሳያሉ።

ወራሪው ሲወጣ መኪናዎቹና ቋንቋቸው ቀሩ። ትሬንታ ኳትሮ የተባለው በናፍጣ የሚሠራ ፊያት ከነተሳቢው በመንገድ ላይ ቆየ፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራና ኩሽኔታ የሚሉት ቃላትም የጋራዥ አማርኛ ሆነው ጸኑ። በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚህ በኋላ በነበሩት ዓመታት የደቡቡ መንገድ እየተሻሻለ ሲሄድ፣ ዲላ የቡና ንግድ ማእከልነቷን አጠናከረች። በ1960ዎቹ ዓመታት በይርጋ ጨፌ አካባቢ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራ ሲጀምሩ፣ የመጓጓዣ አስፈላጊነት በእጥፍ ጨመረ። ቀይ እሸት በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ስለሚጎድል፣ ከማሳ እስከ ጣቢያ ያለው አጭር መንገድ ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ካለው ረጅም መንገድ ያላነሰ ዋጋ አገኘ።

በረጅሙ መንገድ ላይ የነገሠው ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው የፊያት 682 መኪና ነበር። የዚያ ዘመን ሾፌር ያለ ረዳት አይንቀሳቀስም። ረዳቱ ጭነት ከማሰርና ጎማ ከመለወጥ ሌላ አንድ ከባድ ኃላፊነት ነበረበት፤ ይኸውም መኪናው በአቀበት ሲቆም ከላይ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ማግባት ነው። ታኮ በሌለበት ድንጋይ ታኮ ይሆናል። ጉዳቱ ግን መኪናው ከተነሣ በኋላ ድንጋዩ በመንገድ ላይ ሲቀርና በሌሊት ለሚመጣው ሌላ ሾፌር ወጥመድ ሲሆን ነበር። አንዱን ያዳነ ድንጋይ ሌላውን እንዳይገድል ማንሣት የሙያው ሥነ ምግባር አካል ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። መኪናው ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 300 ኩንታል ይመዝናል እንበል። በየመቶው ሜትር 6 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ወደ ታች የሚገፋው ኃይል 18 ኩንታል የሚያህል ክብደት ነው። ይህ ግፊት ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ለአፍታ እንኳ አያርፍም። ፍሬን ደግሞ የሚሠራው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው፤ ታምቡሩና ሸራው ከልክ በላይ ሲግሉ የመያዝ ኃይላቸው ይደክማል። በዚህ ምክንያት ነው ነባር ሾፌሮች አቀበቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩት። ማርሹ ከባድ ከሆነ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይገታል፤ ፍሬኑም ለክፉ ቀን ይቆጠባል። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ ነጻ አድርጎ መውረድ ግን ጥቂት ሊትር አትርፎ ሕይወትን ማስያዝ ነው።

ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ ወይም ፍሬኑ ከዋናው መኪና ዘግይቶ የሚይዝ ከሆነ፣ ዋናውን መኪና ከኋላው ይገፋዋል። መንገዱ እርጥብ ሲሆንና ኩርባ ሲያጋጥም መኪናውና ተሳቢው እንደ መቀስ ይታጠፋሉ። ለዚህ ችግር መፍትሔው የተገኘው ቀድሞ በባቡር ሐዲድ ላይ ነበር። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 የነፋስ ፍሬንን አስመዘገበ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ቱቦው ሲበጠስ ፍሬኑ ራሱ የሚይዝበትን ዘዴ ፈጠረ። ዛሬ አንድ ተሳቢ ከመኪናው ቢላቀቅ ራሱን ሊያቆም የሚችለው በዚሁ መርሕ ነው። ስለሆነም የነፋስ ቱቦው ያፈስሳል ተብሎ የተሳቢውን ፍሬን ዘግቶ መጓዝ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የተፈታውን ችግር እንደገና መግዛት ይሆናል።

በአጭሩ መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት መኪና ገባ። ላንድሮቨር በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. ለዓለም ከቀረበ በኋላ፣ እርሱና ተከታዩ ላንድክሩዘር በኢትዮጵያ ገጠር የጭቃ መንገድ ባለሟሎች ሆኑ። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ሌላው በቀረበት ስፍራ ይወጣልና እምነት አሳደረ። ከዚህ እምነት ግን አንድ ስሕተት ተወለደ። በአራቱም ጎማ መጎተት ለመውጣት እንጂ ለመቆም የሚጨምረው ኃይል ከቁጥር አይገባም፤ ማናቸውም መኪና ቀድሞውኑ ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነውና። የውሃ ታንከር፣ ጄኔሬተር ወይም በአውሮፓ ካራቫን የሚባለውን ባለ ጎማ ቤት የሚጎትት ሰው ይህን ከዘነጋ አደጋው ይከተለዋል። ካራቫን የሚለው ቃል ራሱ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ቀድሞ ትርጉሙ ሲራራ ነበር። ቃሉ ከግመል ወደ ጎማ ተሸጋገረ፤ የግመሉ እግር ግን አብሮ አልተሸጋገረም።

ስለዚህ አገሮች ደንብ አወጡ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወስኗል። የጭነቱ አቀማመጥም ያንኑ ያህል ያስፈልጋል። ከባዱ ዕቃ ከወለሉ ላይ፣ ከጎማዎቹ አናት ጥቂት ወደ ፊት ሲደረግ፣ የተሳቢው አንገት በመኪናው ማያያዣ ላይ በመጠኑ ይጫናል። ባለ አንድ ዘንግ ለሆኑ ተሳቢዎች ከጠቅላላው ክብደት ከአሥር አንድ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲያደላ ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፤ ፍጥነት ሲጨምርም ውዝዋዜው ይብሳል። ያን ጊዜ የሚያድነው ነዳጅ መስጠት ሳይሆን እግርን ከነዳጅ ላይ አንሥቶ መሪውን ሳያንገላቱ መያዝ ነው።

ዛሬ የዲላ መንገድ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የተዘረጋው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው። ከሐገረ ማርያም እስከ ሞያሌ ያለው ክፍልም በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ታድሷል። ይሁንና ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ የቀድሞው ተዳፋት የቀድሞው ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች በተፈናቀሉ ጊዜ፣ እህልና ውሃ ወደ ጌዴብና ወደ ኮቸሬ ሊደርስ የሚችለው በዚሁ በዝናብ በራሰ መንገድ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከመንገድ የወጣ አንድ መኪና የሚያስቀረው የራሱን ጭነት ብቻ አይደለም፤ መንገዱን ዘግቶ ከኋላው የተሰለፈውንም ሁሉ ያስቀራል።

ጥሩ አስፋልት ፍጥነትን ያመጣል፤ ፍጥነት ደግሞ ፍሬንን ይበልጥ ይፈትናል። የሲራራው አጋሰስ በተፈጥሮ ይዞት የነበረውን ማስቆሚያ ለተሳቢው የሚሰጠው የባለሙያው እጅ ነው። አንድ ተሳቢ ወደ ጋራዥ ሲገባ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ኩንታል ይጎትታል የሚለው ሳይሆን፣ በስንት ሜትር ውስጥ ይቆማል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የፈረመ መካኒክ፣ የጫነ ነጋዴና የነዳ ሾፌር በኃላፊነቱ እኩል ይካፈላሉ።