ከመነዳሪው ለምን አልቀረም?

የሞተር ሳይክል ጎማ ሊገዛ የሄደ ሰው «ባለ ከመነዳሪ ነው ቲዩብለስ የምትፈልገው?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙዎች ዋጋ ጠይቀው፣ ጓደኛ አማክረው ይመልሳሉ። የጎማን ታሪክ ወደኋላ ሄዶ ላየ ሰው ግን መልሱ ያለው ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ላይ ነው።

በአየር የሚሞላ ጎማ ሁለት ጊዜ ተፈልስፏል። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን በ1845 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሠረገላ አስቦ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዘመኑ የፈረስ ነበርና ሐሳቡ ሳይስፋፋ ተረሳ። ከአርባ ዓመት በኋላ ቤልፋስት ውስጥ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ሠራው። በ1888 መብት አገኘበት፣ ኋላ የቶምሰን መዝገብ ሲገኝ መብቱ ወደቀ። ደንሎፕ ከስሙ በቀር ብዙም አላተረፈ ይሆናል፤ ጎማው ግን በ1889 ቤልፋስት በተደረገ የብስክሌት ውድድር አሸንፎ ዓለምን ያዘ። ሞተር ሳይክል የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ዳይምለር በ1885 የሠራው የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል በእንጨት መንኮራኩር ላይ ብረት ተጠምጥሞለት የሚሄድ ነበር። በ1894 ሙኒክ ላይ ለገበያ የቀረበው የሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ሞተር ግን በአየር በተሞላ ጎማ ወጣ።

የደንሎፕ ጎማ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ቸርኬው ላይ በማጣበቂያ ተለጥፎ ነበር የሚቀመጠው። በ1889 ፈረንሳይ፣ ክሌርሞን ፌራን ከተማ፣ አንድ ብስክሌተኛ የተነፈሰ ጎማውን ይዞ የሚሽሊን ወንድማማቾች ፋብሪካ ገባ። ጎማውን ነቅሎ መጠገን ብቻ ሰዓታት ፈጀ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ደግሞ አደረ። በማግሥቱ ኤድዋር ሚሽሊን ሲሞክረው ብዙም ሳይሄድ እንደገና ተነፈሰበት። ከዚህ ድካም የተወለደው በ1891 የወጣው፣ ተፈትቶ የሚጠገነው ጎማ ነው። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን በዚህ ጎማ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ውድድር አሸነፈ። እኔ ከጎማ ታሪክ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የጎማ ዋጋ የሚለካው በምቾቱ ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይ በሰው እጅ በመጠገኑም ሆኗል። ከመነዳሪው እስከ ዛሬ የቆየበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት ራጂ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ በ1874 ራጂዎቹ ተጠላልፈው የሚወጠሩበትን መንኮራኩር አስመዘገበ። ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ሞተር ሳይክልም እንዳለ ወረሰው። እያንዳንዱ ራጂ ግን ቸርኬውን በስቶ ነው የሚታሰረው፤ ሠላሳ ስድስት ራጂ ካለ ሠላሳ ስድስት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቸርኬ ላይ አየር የሚይዝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመነዳሪ።

መኪናው ቀድሞ ተገላገለ። በ1937 አሜሪካ ውስጥ ስፓርክስና ቶማስ የተባሉ ኬሚስቶች ቡቲል የተባለውን ሰው ሠራሽ ጎማ አገኙ፤ አየር አምቆ በመያዝ ከዛፍ የሚገኘውን ጎማ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። በ1942 ጃፓን ማላያንና የደች ኢስት ኢንዲስን ስትይዝ የተፈጥሮ ጎማ ምንጭ ስለተቋረጠ በአሜሪካ የሰው ሠራሽ ጎማ ሥራ በጥድፊያ ተስፋፋ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የጉድሪች ኩባንያ መሐንዲስ ፍራንክ ኸርዜግ አክረን ከተማ ላይ የጎማውን ውስጥ አየር በማያስወጣ ሽፋን ለብጦ ከመነዳሪውን አስቀረ። ጎማው በታክሲዎችና በኦሃዮ ፖሊስ መኪናዎች ላይ ተፈትኖ በ1952 የፈጠራ መብት አገኘ፤ ፓካርድ የ1955 መኪናዎቹን በሙሉ በቲዩብለስ አወጣ።

ጥቅሙ የሚገባው ሚስማር ሲወጋው ነው። ተወጥሮ የተነፋ ከመነዳሪ ከተወጋ ሊቀደድ ይችላል፤ አየሩ በቫልቩ ዙሪያና በራጂ ቀዳዳዎች በኩል በቅጽበት ይወጣል። ቲዩብለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚስማሩን ጨብጦ ስለሚይዘው አየሩ በዝግታ ነው የሚቀንሰው። የቲዩብለስ ቸርኬም የጎማውን ከንፈር ከቦታው እንዳይወርድ የሚይዝ ጉብታ አለው። ባለ አራት እግሩ መኪና ጎማው ቢፈነዳም አራት ላይ ቆሟል። በሁለት ጎማ የሚሄድ ሰው ግን የፊተኛው ድንገት ከተነፈሰ የሚተርፈው በዕድል ነው። ቲዩብለስ ከማንም በፊት ያስፈልግ የነበረው ለሞተረኛው ሆኖ ሳለ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ መድረሱ ያሳዝነኛል።

ለውጡ የመጣው ቸርኬው ሲለወጥ ነው። በ1970ዎቹ በአንድ ቅርጽ የሚፈስሱ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች በሞተሮች ላይ ታዩ። ሆንዳም በ1977 ኮምስታር የተባለውን፣ አየር የሚይዘው ክፍሉ ያልተበሳ መንኮራኩር አቀረበ። ራጂ ወዳዱም አልተረሳም፤ ቢኤምደብሊው በ1987 ባወጣቸው ጂኤስ ሞተሮች ላይ ራጂዎቹን ወደ ቸርኬው ዳር ገፍቶ ከአየሩ ክፍል ውጭ አሰራቸው። ራጂና ቲዩብለስ በአንድ መንኮራኩር ተገናኙ፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ እስከ ዛሬም ሁሉም አይደርስበትም።

እዚህ አገር በጠጠር መንገድ የሚሠሩት፣ የወረዳ የግብርና ባለሙያ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞርባቸው ሞተሮች በብዛት ባለ ራጂ ናቸው፤ ይህም ትክክል ነው። ድንጋይ ሲያገኘው ራጂው ይለጠጣል፣ ፈሰስ ቸርኬ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ባለ ራጂው ቸርኬ ቢጎብጥም ከመነዳሪው አየሩን ይዞ ያደርሳል፤ ጠርዙ የጎበጠ የቲዩብለስ ቸርኬ ግን አየር ማፍሰስ ይጀምራል። የጎማ ጥገና በሌለበት ሜዳ ላይ መፍቻ፣ ልጣፊ፣ ማጣበቂያና የእጅ ፓምፕ የያዘ ሰው ራሱን ያወጣል። አስፋልት ላይ በፍጥነት ለሚነዳና ፈሰስ ቸርኬ ላለው ግን አልጠራጠርም፤ ቲዩብለስ ይሻለዋል።

የምፈራው ማደባለቁን ነው። ተራ ባለ ራጂ ቸርኬን በሲሊኮን ደፍኖ ያለ ከመነዳሪ መንዳት በሕይወት መጫወት ነው። ቲዩብለስ ውስጥ ከመነዳሪ ማስገባት ቤት ለመድረስ ይረዳ እንደሆነ እንጂ ልማድ ሊሆን አይገባም፤ ሁለቱ እየተፋተጉ ይግላሉ፣ ሚስማር ሲገባም ቲዩብለስ የነበረው ጥቅም ይጠፋል። ከውጭ በገመድ የተደፈነ ቲዩብለስ በዝግታ ወደ ጎሚስታ መድረሻ ነው፤ እዚያ ጎማው ወልቆ ከውስጥ ይጠገን። ጎኑ የተቀደደ ደግሞ ይጣል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሞተርዎን አቁመው ቸርኬው ላይ የታተመውን ያንብቡ፤ ቲዩብለስ ከሚል ጽሑፍ ወይም ከአምራቹ መመሪያ ሌላ ማረጋገጫ አይቀበሉ። ባለ ከመነዳሪ ከሆነ ደግሞ ከአዲሱ ጎማ ጋር በልኩ አዲስ ከመነዳሪ ይግዙ፤ አሮጌውን መልሰው አያስገቡ።