አባት ቆጠራና የቤተ ዘመድ ስም፦ ከስኮትላንድ መዝገብ እስከ አቦምሳ ሽማግሌ

የቤተ ዘመድ ስም ማለት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድና የአንድ ቤት ሰዎች ሁሉ በጋራ የሚጠሩበት ስም ሲሆን፣ በአውሮፓ የትውልድ ሐረግ የሚመረምሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጨብጡትም ይህንኑ ነው። በስኮትላንድ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በሕግ ግዴታ መመዝገብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1855 ስለሆነ፣ ከዚያ ቀደም የነበሩ አያቶቹን የሚሻ ሰው የየአጥቢያውን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ማገላበጥ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ፍለጋ ውስጥ የተለመደ ስም ሰውን ይሰውራል፣ ያልተለመደው ግን ያጋልጣል፤ በአንድ አጥቢያ ብዙ ጆን ማክዶናልድ ሲኖር የትኛው የማን አባት እንደሆነ መለየት ያዳግታልና።

«ማክ» በጌሊክ ቋንቋ ልጅ ማለት በመሆኑ ማክዶናልድ የዶናልድ ልጅ ነው፤ መነሻው ከኢትዮጵያው የአባት ስም አይለይም፣ የሚለየው ስሙ በአንዱ ትውልድ ላይ ረግቶ መቅረቱ ብቻ ነው። በብዙ የስኮትላንድ ቤቶች የበኩር ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ተከታዩ ደግሞ በእናቱ አባት ስም የመጠራት ልማድ ስለነበረ ጥቂት ስሞች ደጋግመው ይመላለሳሉ፤ ሴት ልጅ የወንድ ዘመዷን ስም እንድትይዝ ሲፈለግም ከጄምስ ጄምሲና፣ ከዊልያም ዊልያሚና ተበጅቷል። በሰሜን ምሥራቁ ጠረፍ የሚገኙ የዓሣ አስጋሪ መንደሮች ደግሞ የሰዎቻቸው ስም ከመመሳሰሉ የተነሣ ለእያንዳንዱ ቤት ቅጽል ስም ያወጡ ነበር። ከሁሉ የሚከብደው የማክግሬገር ጎሳ ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1603 ስሙ በመንግሥት ትእዛዝ ስለተከለከለና ክልከላው ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣው በ1774 ስለሆነ፣ የዚያ ጎሳ ተወላጅ አያቱን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በሌላ ጎሳ ስም ተሸሽጎ ነው።

ይህ ሁሉ ዘዴ አቦምሳ ላይ ሲደርስ የሚይዘው ያጣል። አቦምሳ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ በቀድሞው አስተዳደር ከጭላሎና ከጢቾ ጋር የአርሲ ክፍለ ሀገር አካል የነበረው የአርባ ጉጉ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ መርቲ የሚለውን ስም ብዙ አንባቢ የሚያውቀው ግን በቆርቆሮ ከታሸገው የቲማቲም ድልህ ላይ ይሆናል። በዚህ አገር፣ እንደ ቀሪው ኢትዮጵያ ሁሉ፣ የሰው ስም የሚከተለው የአባቱ ስም፣ ቀጥሎም የአያቱ ስም ነው፤ በየትውልዱም አንድ ስም ከፊት ሲጨመር አንዱ ከኋላ ይወድቃል፤ ሚስትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ድንጋጌው ከወረቀት ሳይወርድ ቀርቷል፤ ሕዝቡ ያላስፈለገውን ነገር በአዋጅ አይቀበልምና።

ያላስፈለገውም ያለ ምክንያት አይደለም። የቤተ ዘመድ ስም በስኮትላንድ የሚሠራውን ሥራ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የሚሠራው ጎሳ ነው፤ ጎሳ ማለት ከአንድ አባት ወረድን የሚሉ፣ በመካከላቸው መጋባት የማይፈቀድላቸው ሰዎች ማኅበር ሲሆን፣ የአርሲ ጎሳዎች በጠቅላላው ሲኮና ማንዶ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ሥር ይመደባሉ። ጎሳው ከሰውየው ስም ጋር አይጻፍም፣ አይጠራምም፤ ነገር ግን ጋብቻ ሲታሰብ ወይም የደም ካሣ ሲከፈል ሽማግሌዎች አባት እየቆጠሩ ይደርሱበታል። ይህ ቆጠራ፣ በኦሮምኛ ሂዳ ማለትም ሥር የሚባለው የትውልድ ሐረግ፣ የሚኖረው በቃል ነው። በሰሜኑ የአማራ አገር ዘር መቁጠር የሚያስፈልገው ርስት ለመጠየቅ ስለነበረ በአባትም በእናትም በኩል ወደ አቅኚው አባት ይወጣ ነበር፤ የአርሲው ግን በአባት በኩል ብቻ ይሄዳል፣ ዋና ጉዳዩም መሬት ሳይሆን ማን ከማን ጋር አይጋባም የሚለው ነው።

በዚህ ላይ ጀማሪ ተመራማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በኦሮሞ ልማድ እንግዳ ሰው፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ወገን፣ ሞጋሳ በተባለ ሥርዓት ወደ ጎሳ ይገባል፤ ቃሉ ራሱ ስም ማውጣት ማለት ነው። ሕፃን በልጅነት የሚወሰድበት ሥርዓት ደግሞ ጉዲፈቻ ሲሆን፣ ይህ የኦሮምኛ ቃል በአማርኛው ሕግም ሳይቀር ቤተኛ ሆኗል። በሁለቱም መንገድ የገባ ሰው የጎሳውን አባቶች የራሱ አድርጎ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ሐረጉ የደም መዝገብ ከመሆን ይልቅ የመሐላና የአብሮነት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ይህም የአርሲ ብቻ ጉድ አይደለም፤ በስኮትላንድ ደጋ ብዙ ጭሰኞች በደም ሳይዛመዱት የጎሳቸውን አለቃ ስም ወስደዋልና፣ ማክዶናልድ መባል የዶናልድን ደም መያዝ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ የቤተ ዘመድ ስም በሌለበት ያልተለመደ ስም ምን ይጠቅማል? መልሱ ያለው በስሞቹ መካከል ባለው ስፌት ላይ ነው። ለምሳሌ ብቻ የተቀነባበረ «ታደሰ ከድር ሮባ» የሚል ሐረግ ቢወሰድ፣ ሮባ በኦሮምኛ ዝናብ ማለት ስለሆነ ልጁ የተወለደበትን ወቅት ያስታውሳል፤ ከድር የእስልምናን መግባት፣ ታደሰ ደግሞ የትምህርት ቤትን፣ የቢሮን ወይም የጥምቀትን ተጽዕኖ ያመለክታል። የራስ ዳርጌ ጦር በ1878 ዓ.ም. አዙሌ ላይ ድል ካደረገ በኋላ አርሲ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ስትገባ ከሸዋ የመጡ ወታደሮችና ሰፋሪዎች የአማርኛና የግእዝ ስሞችን ይዘው መጥተዋል፤ እስልምናም፣ በባሌ በሚገኘው የሼህ ሁሴን ቅዱስ ስፍራ ጉብኝት ጭምር እየተስፋፋ፣ የዐረብኛ ስሞችን አብዝቷል። ስለዚህ የስሙ ቋንቋ በሚለወጥበት ትውልድ ላይ ቆሞ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ዓመተ ምሕረት ሳይጻፍለት ዘመኑን ሊገምት ይችላል። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈችው የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ ስሟ ራሱ ሁለት ዘመን ይዟል።

የአማርኛ ስሞችም ሲመረመሩ የቤቱን ሐዘንና ደስታ ይናገራሉ፤ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ ባለበት ቤት ከእርሱ በፊት የሞተ ሰው እንደነበረ መጠርጠር ተገቢ ነው። በዚህ ላይ አንድ ሰው ብዙ ስም መያዙ ፍለጋውን ያወሳስበዋል፤ የዓለም ስም የሚባለው በየዕለቱ የሚጠራበት፣ የክርስትና ስም የሚባለው ሲጠመቅ የሚሰጠው፣ የፈረስ ስም የሚባለው ደግሞ በጦር ሜዳ የሚፎከርበት ነው። ተፈሪ መኰንን፣ ኃይለ ሥላሴና አባ ጠቅል አንድ ሰው ናቸው፤ የወሎው መሐመድ ዓሊም በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተብለዋል። በታላላቆቹ ላይ ይህ ስለተጻፈ አያደናግርም፤ ያልተጻፈላቸው የገጠር ሰዎች ግን በግብር ደረሰኝ ላይ በአንዱ፣ በሽማግሌ ቃል በሌላው ስም ይገኛሉ።

የጽሕፈት ጉዳይም አለ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ ሲጻፍ ለ«ጨ» ድምፅ የተመደበውን ፊደል የውጭ አንባቢ «ከ» ብሎ የሚያነበው በመሆኑ ጫልቱ በአንዱ ወረቀት ጫልቱ፣ በሌላው ካልቱ ልትሆን ትችላለች። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. በይፋ መጀመሩ ለመጪው ትውልድ መልካም ነው፤ ሆኖም ወረቀት በተለምዶ የሚይዘው እስከ አያት ስለሆነ፣ ከአያት በላይ ያለው አሁንም የሽማግሌው ድርሻ ነው።

የአርሲ ሯጮችን የውድድር ውጤት የሚያነብ የውጭ ሰው እጅጋየሁን፣ ጥሩነሽንና ገንዘቤን ዲባባን በአንድ የቤተ ዘመድ ስም የተያያዙ አድርጎ ያያቸዋል፤ እህትማማቾች በመሆናቸው አልተሳሳተም። ዘመዳቸውን ደራርቱ ቱሉን ግን ባዳ ያደርጋታል። የጥሩነሽ ባለቤት አትሌት ስለሺ ስህን ስለሆነ የእርሷ ልጆች ስማቸው የሚከተለው ስለሺን እንጂ ዲባባን አይደለም፤ ባዕዱ የቤተ ዘመድ ስም ብሎ የያዘው ቃልም በሚቀጥለው ትውልድ ከገጹ ይጠፋል።