በሕፃናት ምላስ ላይ የሚወጡ ካንሰር ያልሆኑ እብጠቶች

በሕፃናት ምላስ ላይ ወይም ከምላስ ሥር የሚወጣ እብጠት ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ሲሆን፣ አብዛኛው ካንሰር አይደለም። በጨቅላ ሕፃናት አፍ ውስጥ በብዛት የሚታየው ነጭ ሽፋን በፈንገስ የሚመጣ በመሆኑ ከእነዚህ እብጠቶች ጋር ሊምታታ አይገባም።

የደም ሥር እብጠት ቀላ ያለ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በፍጥነት ካደገ በኋላ በዓመታት ውስጥ እየከሰመ ይሄዳል። በመሆኑም ብዙውን ጊዜ ክትትል ብቻ ይበቃዋል፤ መመገብን ወይም መተንፈስን ካወከ ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት ይሰጣል። የምራቅ መተላለፊያ ሲጎዳ ወይም ሲዘጋ ከምላስ ሥር የሚቋጠረው ውኃ መሰል ከረጢት ቢፈነዳ እንኳ ተመልሶ ይሞላል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው በምላስ ሥረ መሠረት፣ ወደ ጉሮሮ በኩል የሚታየው ድቡልቡል እብጠት ነው። ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ ከምላስ ሥር ተነሥቶ ወደ አንገት ይወርዳል። አልፎ አልፎ ሳይወርድ እዚያው ይቀራል፤ ይህ በሆነባቸው አብዛኞቹ ሕፃናት ያላቸው የታይሮይድ ዕጢ እሱ ብቻ ነው። እብጠቱ ሳይመረመር ቢወጣ ሕፃኑ ለአካልና ለአእምሮ ዕድገት የሚያስፈልገውን ሆርሞን ያጣል፤ ዕድሜውን ሙሉም መድኃኒት መውሰድ ግድ ይሆንበታል። ስለሆነም ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በፊት የአንገት አልትራሳውንድና የሆርሞን የደም ምርመራ ይደረጋል።

እንጥል በሚቆርጡ ወይም የወተት ጥርስ በሚነቅሉ ሰዎች እጅ እብጠቱን ማስቆረጥ ለከባድ መድማትና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል። ምላስ በደም ሥር የተሞላ አካል በመሆኑ ደሙን በቤት ውስጥ ማቆም አዳጋች ነው። የሕፃን እንጥል መቁረጥም ቢሆን በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ነው።

በሲሬ ከተማና በሲቡ ሲሬ ወረዳ ቀበሌዎች የሚኖሩ ወላጆች አስቀድመው በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ሕፃኑን መውሰድ ይኖርባቸዋል። ጉዳዩ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ ነቀምቴ በዚያው የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ስለምትገኝ ነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ቅርብ ናቸው። የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የሚያስፈልገው ሕፃን ወደ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ወደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን መያዝ አለባቸው፤ የሪፈር ሥርዓቱን ሳይከተሉ በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚሄዱ ሙሉ ሽፋን ላያገኙ ይችላሉ። እብጠቱ መቼ እንደታየና እንዴት እንዳደገ፣ በተለያየ ጊዜ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ካለም እሱን ማቅረብ ለሐኪሙ ሥራ በእጅጉ ይረዳል።

ሕፃኑ ሲተነፍስ የሚያስጮኸው፣ ጡት መጥባት ወይም መዋጥ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ የጨመረ ወይም ደሙ አልቆም ያለ እንደሆነ ተራ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። የወረዳውን አምቡላንስ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል መጥራት ይቻላል፤ ለተጨማሪ መረጃ የጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 ነው።