ስልሳና ሃምሳ፦ የአንድ ርካሽ የሸክላ ማጫወቻ ታሪክ

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ወሬ ስለ ሸክላ ነው። ሸክላ ስል እናቴ "የቱ ሸክላ?" ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው፣ ጎንደር ላይ ሸክላ ሲባል የእኛ ሴቶች በእጃቸው የሠሩት ጀበናና ምጣድ ነው። እኔ የምለው ግን የዘፈኑን ሸክላ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ትንሽ ሸክላ ነው። አባቴ በወጣትነታቸው ጎንደር ውስጥ ጋራዥ ይሠሩ ነበር፤ ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዟት አንዲት የአምሃ ሪከርድስ ሸክላ ነበረቻቸው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ እኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርኩ። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲጫን ዕቃ መያዝ የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ሸክላዋን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው ሰጡ። ከብዙ ዓመት በኋላ የጎረቤታቸው ልጅ በሰው እጅ ላከልን። አደራ ማለት ይህ ነው።

ሸክላዋ ተራ ነገር እንዳትመስላችሁ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ "የመጣው ይምጣ" ብሎ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ፤ ከዚያ በደርግ ዘመን ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ስለዚህ የአባቴን ሸክላ ሱቅ ሄጄ ሌላ ልግዛ ብል የሚሆን አይደለም።

እኛ ቤት የነበረው ማጫወቻ ግን እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ርካሽ ነገር ነበር። አንድ ቀን የወርቅ ሚዛን ተውሼ የመርፌውን ጫና ብለካው ከ5 ግራም በላይ ሆኖ አገኘሁት። ደህና ማጫወቻ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይበቃዋል። ለካ እኛ ዘፈኑን እየሰማን ሳይሆን እያረስነው ነበር! በዚያ ላይ የአባቴ ጆሮ እየደከመ መጥቶ፣ ሐኪሙ የመስሚያ መሣሪያ አዝዞላቸዋል። ሸክላዋም እያለቀች፣ ጆሯቸውም እየደከመ፤ የትኛው እንደሚቀድም እንጃ። ጥሩ ማጫወቻ ፍለጋ የተነሳሁት ለዚህ ነው፤ ፍለጋው ደግሞ ወደ ታሪክ ወሰደኝ።

እንግዲህ ኤዲሰን በ1877 ድምፅን በሲሊንደር ላይ ቀረጸ። ከአሥር ዓመት በኋላ ኤሚል በርሊነር ጠፍጣፋውን ዲስክ አመጣ። ለብዙ ዘመን ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ እየዞረ በአንድ ገጹ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጫወት ነበር። በ1948 ኮሎምቢያ ባለ 33 ከሲሶ ዙሩን ትልቅ ሸክላ አወጣ፤ በማግስቱ ዓመት አርሲኤ ባለ 45 ዙሩን ትንሽ ሸክላ አወጣ። የሸክላው ቦይ በጣም ቀጠነ፣ የመርፌው ጫፍም ወደ 25 ማይክሮን ወረደ። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በ1958 ገደማ ደግሞ ስቴሪዮ መጣ፤ መርፌው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታችም ማንበብ ጀመረ።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። መርፌ ሞኝ ነው፣ ዘፈኑንና የሞተሩን ንዝረት ለይቶ አያውቅም። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ማጫወቻ ሞተሩ በጎማ ጎማ አማካይነት ሳህኑን በቀጥታ እየገፋ ነበር የሚያዞረው። የሞተሩ ጉርምርምታ በጎማው አልፎ ሳህኑ ላይ ይወጣል፣ ከሳህኑ ወደ መርፌው፣ ከመርፌው ወደ ጆሮ። እንደ እንግሊዙ ጋራርድ 301 ያለው የ1954 ማሽን ይህን የሚቋቋመው በክብደቱና በጥራቱ ነበር፤ ዋጋውም እንደ ክብደቱ ነው። ድሃ ምን ያድርግ?

መልሱን ያመጣው ኤድጋር ቪልቹር ነው። ይህን ሰው የወደድኩት በአንድ ምክንያት ነው፤ እሱም እንደ እኔ የጥገና ወታደር ነበር። የተማረው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሠራዊቱ ወስዶ የሬዲዮና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና አስተማረው። ከጦርነቱ በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ የሬዲዮ ሱቅ ከፈተ። እኔም ያለኝ የሙያ ትምህርት ቤት ወረቀትና የጸባ ጥገና ክፍል ልምድ ብቻ ስለሆነ ታሪኩን ሳነብ ልቤ ሞቀ።

ቪልቹር በ1954 ከሄንሪ ክሎስ ጋር አኮስቲክ ሪሰርች የሚባለውን ኩባንያ በማሳቹሴትስ አቋቋመ። በ1961 ኤአር የሚባለውን ማጫወቻ አወጣ። ዋጋው ከነክንዱ፣ ከነሳጥኑና ከነክዳኑ 58 ዶላር ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሳህኑንና ክንዱን በአንድ ብረት ላይ አስሮ፣ ያንን ብረት በሦስት ሞላዎች ላይ አንጠለጠለው። ሞተሩን ለብቻው ሳጥኑ ላይ አሰረውና በጎማ ቺንጊያ አገናኛቸው። የሞተሩ ንዝረት ለስላሳው ቺንጊያ ላይ ይሞታል፣ የወለሉ ንዝረት ደግሞ ሞላው ላይ ይቀራል። ሳህኑና ክንዱ አብረው ስለሚወዛወዙ መርፌው ምንም አያውቅም። ሻጮቹ ዘፈን እየተጫወተ ሳጥኑን በመዶሻ እየመቱ ለገዢ ያሳዩ ነበር ይባላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ የእሱ ልጆች ናቸው። የስዊሱ ቶረንስ ቲዲ 150 በ1965፣ የስኮትላንዱ ሊን ሶንዴክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያው መንገድ ሄዱ፤ ሊን ዋጋውን ወደ ሰማይ ሰቀለው እንጂ። በ1973 የተመሠረተው የእንግሊዙ ሬጋ ግን ሞላውን ትቶ ቀላልና ድርቅ ያለ ሰውነት መረጠ።

የኤአሩ ድክመት ክንዱ ነበር፤ ለ58 ዶላር የሚገኘው ያው ነው። ስለዚህ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያሻሽሉት ጀመር። የሜምፊሱ ጆርጅ ሜሪል የኤአር ማሻሻያ ሥራ መተዳደሪያው እስከመሆን ደርሷል። ሬጋ በ1983 አርቢ 300 የሚባለውን ጥሩ ክንድ በመጠነኛ ዋጋ ሲያወጣ ብዙ ሰው አሮጌ ኤአሩ ላይ ቀዳዳ አስፍቶ እሱን ተከለበት። ርካሽ ዕቃን ማሻሻል የሀብታም ጨዋታ አልነበረም፣ መሠረቱ ጥሩ የሆነ ነገር ያገኘ ሰው ሥራ ነበር።

እኔም በያፎ ሹቅ ሃፒሽፔሺም አንድ ኤአር አገኘሁ። ሻጩ "ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ይሠራል" አለኝ። አልዋሸም። በትራንስፎርመር ወደ 110 ቮልት አውርጄ ሰካሁት፣ ዞረ። የአባቴን ሸክላ አስቀመጥኩ። አባቴ ትንሽ አዳምጠው ፊታቸውን አጨማደዱና "ይኼ ሰውዬ ታሟል እንዴ?" አሉ። ድምፁ ወርዷል፣ ዘፈኑ ይጎተታል።

ኩሽኔታው ደርቆ ይሆናል ብዬ ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ ዘይት ቀየርኩለት፣ ቺንጊያውንም አዲስ አደረግኩት። ያው ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ነው የገባኝ። ይህ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከቮልቱ ሳይሆን ከመብራቱ ምት ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመታል፣ የእኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልት ይቀንሳል እንጂ ምቱን አይነካም። ስለዚህ 45 ዙር መሆን የነበረበት 37 ተኩል ሆኗል። ወደ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ማለት ነው፤ ሰውዬው ቢታመም ይፈረድበታል?

መድኃኒቱ ፑሌጃውን በ60 ለ50፣ ማለትም በ1.2 እጥፍ ማስፋት ነው። አንድ ወዳጄ ጋራዥ ቶርኖ ላይ ከነሐስ አዲስ ፑሌጃ አወጣሁ። አሁንም ዘገየ፣ አንድ በመቶ ያህል። የቺንጊያውን ውፍረት ረስቼ ነበር! ዙሩን የሚወስነው ፑሌጃውና ቺንጊያው ተደምረው ነው። ቺንጊያውን ከፑሌጃው ደምሬ በ1.2 አባዝቼ፣ ከዚያ ቺንጊያውን መልሼ ቀነስኩና ሁለተኛ አወጣሁ። ለመፈተሽ 133 መስመር የታተመበት ወረቀት ሳህኑ ላይ አድርጌ በድሮው ባለሽቦ አምፖል አየሁት፤ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ አዲስ መርፌ ገጠምኩ፣ ጫናውን 2 ግራም ላይ አሰርኩ፣ ሞላዎቹን አስተካከልኩ። የድሮውን ክንድ አልነካሁትም፤ ለአሁኑ ይበቃል።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቪልቹር በ1967 ኩባንያውን ሸጠና ቀሪ ዕድሜውን በምን ላይ አዋለው መሰላችሁ? በመስሚያ መሣሪያ ላይ። ደካማ ጆሮ ሁሉንም ድምፅ በአንድነት ማጉላት እንደማይጠቅመው፣ ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ ለየብቻ መመጠን እንዳለበት አሳየ፤ በ1973 ጥናቱን አወጣ። ባለመብት ልሁን ሳይል ለሁሉም ክፍት አደረገው። ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች በዚያ መንገድ የሚሄዱ ናቸው። ሰውዬው በ2011 አረፈ።

ሁለተኛው ፑሌጃ በገባ በማግስቱ አባቴ መሣሪያቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሸክላዋ ተንኳኳች፣ ጭረቷ አልጠፋም፤ ያረስነው ቦይ አይመለስም። ግን ድምፁ ተነሳ። አባቴ እስከ መጨረሻው ምንም አላሉም። ሲያልቅ "አሁን ድኗል" አሉ። ከዚያ ጎረቤታቸውን ስልክ ደውዬ እንዳገናኛቸው ጠየቁኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ቤታችሁ አሮጌ ሸክላ ካለ በከባድ መርፌ አታርሱት። ሰላም ሁኑ።